ፒያሳ ላይ የቀረው የወንድሜ ጣት

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ አብረውኝ ያስተማሩ መምህራንም፣ የሰንበቴ ጓደኞቼም፣ ወተት የምታመጣልኝ ሴትዮም «እንዴት ነበር?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከመመለስ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። አብዛኞቻችሁ አዲስ አበባ የምትሄዱት ለሐኪም ወይም ለዘመድ ሠርግ ነው። ፒያሳንና አራዳን በእግራችሁ የምትዞሩበት ምክንያት የላችሁም። እኔም ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ አንድ እስኪቀረኝ ድረስ አልነበረኝም።

ወንድሜን ብርሃኑን የምታስታውሱት ጥቂቶች ናችሁ። የመሪጌታ ልጅ ሆኖ ሳለ ጊታር ይዞ ኮበለለ እየተባለ አሰላ ሙሉ ያማው እሱ ነው። በሃያ አምስት ዓመቱ ሄዶ ፒያሳ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያችው ኖሮ የዛሬ ሦስት ዓመት በነሐሴ ታሞ ሞተ። እንጀራውን የሚበላው በሠርግ ባንድ ነበር። ነፍሱ ግን ሄቪ ሜታል ከሚሉት ሙዚቃ ጋር ነበረች። ለማታውቁት እንዲህ ነው፤ ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ሞተሩ ሲነሳ ደረታችሁ ውስጥ የሚሰማችሁን አስቡ። ከዚያ ጩኸት መሃል አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻውን ወጥቶ እየሮጠ ይሄዳል። ያን ቀጭን ድምፅ እንደ ብርሃኑ የሚያስሮጠው አልነበረም ይላሉ የሚያውቁት። ካሴት አላወጣም፤ ቴሌቪዥን ላይም አልታየም።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ። የብርሃኑ የግራ እጁ የቀለበት ጣት ወደ መዳፉ ታጥፎ የቀረ ነበር። ያጠፍኩት እኔ ነኝ። እኔ አሥራ አራት፣ እሱ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሒሳብ እያጠናሁ፣ ከዘይት ጣሳና ከሽቦ የሠራትን ጊታር መሳይ ነገር በሩ ላይ ቆሞ ይከረክራል። ተው አልኩት፤ አልተወም። ተነስቼ በሩን በሙሉ ኃይሌ ስዘጋው እጁ መቃኑ ላይ ነበር። እናታችን ስትመጣ «ድንጋይ ወደቀብኝ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ትልቅ እህት ነኝና ይቅር በለኝ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። እሱ በየዓመት በዓሉ እየመጣ «እንደምን ነሽ አስቴር» ይለኛል፤ በዚያች እጁ እንጀራ ይቆርሳል፤ እኔ ሌላ ሌላውን አያለሁ። አንድም ቀን ቤቱ ሄጄ አላውቅም። ቀብሩ ላይ እንኳ በነጠላዬ ተሸፍኜ ቆሜ በነጋታው ተመለስኩ።

ያከራዩት ወይዘሮ ፅጌ በነሐሴ መጀመሪያ ደወሉልኝ። ግቢያቸው ከአዲስ ዓመት በፊት ሊፈርስ ነው። ተማሪዎቹም በመጪው እሑድ ሊያስቡት ይሰበሰባሉ። መጥተሽ ዕቃውን ውሰጂ አሉኝ። ለሰው ሁሉ ጊታሩን ላመጣ ነው ብዬ ወጣሁ፤ መጠቅለያ የሚሆን ጋቢም ያዝኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጣቱን ማን እንዳጠፈው ለሰው ነግሮ እንደሆነ፣ ቂም ይዞብኝ ሞቶ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሐሙስ

ከአሰላ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጭላሎ ጉም ለብሶ አይታይም ነበር፤ ዴራ ስንደርስ ሁላችንም ሹራባችንን አወለቅን። አዳማ ላይ መኪና ቀየርኩ። በፍጥነት መንገዱ ቃሊቲ ለመድረስ፣ እኛ አገር አንድ በግ ተገዝቶ ዋጋው የሚያልቅበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ጣጣው የመጣው ከቃሊቲ ወዲህ ነው። ለወይዘሮ ፅጌ ያዘጋጀሁትን በሶ የታክሲው ረዳት አንስቶ ከወንበር ሥር ሲወረውረው ከረጢቱ ፈነዳ። መኪናው ውስጥ ነጭ ጭስ ሆነ። ከፊቴ የተቀመጠው ባለ ከረባት ሰው ሽበታም መሰለ። እኔ ኀፍረት ሊገድለኝ ነው፤ ረዳቱ ግን ትከሻውን እያራገፈ «እናቴ፣ ዳቦ ቤት ያደርን አስመሰሉን እኮ» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሴት የራሷን ፌስታል አራግፋ የተረፈውን በሶ በእጇ እያፈሰች ሰበሰበችልኝ። አዲስ አበቤ ክፉ ነው ስትሉ ከእንግዲህ እኔ የለሁበትም።

ፒያሳ ስወርድ ካፊያ ነበር። በወጣትነቴ ለክረምት ሥልጠና ስመጣ የማውቃት ፒያሳ ሱቅ በሱቅ ላይ የተደራረበባት፣ ሰው በሰው የሚገፋፋባት ነበረች። አሁን መንገዱ ሰፍቶ፣ ረጃጅም መብራት ተተክሎ፣ ከመንገዱ ጀርባ ደግሞ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ ይታያል። ካልሲ የምትሸጥ ሴትዮ መንገድ ጠየቅኋት። መጋረጃ ቤቱ ጋ ወደ ግራ፣ ዳቦ ቤቱን አልፈሽ ልብስ ሰፊው ጋ ታጠፊ አለችኝ። ሄድኩ። መጋረጃ ቤት የለም፤ ዳቦ ቤትም የለም። ተመልሼ ብነግራት እንደ ሞኝ አየችኝና «አሁንማ የሉም። ግን እዚያ ጋ ነው» አለች።

ጃንጥላ የያዙ አንድ አዛውንት ሰምተው፣ እኔም ወደዚያው ነኝ አሉና ተከተልኳቸው። በአጥሩ ክፍተት ገብተን ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ወጣን። ቀጥ ብለው መሻገር ሲችሉ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደው በድንገት ወደ ቀኝ ዞሩ። ትንሽ ሄደው ወደ ግራ። አንድ ቦታ ላይ ጃንጥላቸውን ዝቅ አደረጉ፤ በላያችን ግን ሰማይ እንጂ የሚነካ ነገር አልነበረም። የድሮው ቅያስ እግራቸው ውስጥ እንዳለ የገባኝ ኋላ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔም ጭንቅላቴን ጎንበስ አድርጌ አለፍኩ። እኛ አገር መንገድ የሚነገረው በቤተ ክርስቲያንና በባሕር ዛፍ ነው፤ የሌለ ቤት ዞሬ ስሄድ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

የወይዘሮ ፅጌ ግቢ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። አምስት ቤት ከነበረበት አራቱ ለቀው ወጥተዋል፤ በግንቡ ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎበታል። ወይዘሮ ፅጌ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ሴት ናቸው። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ሽሮና ጎመን ከስልጆ ጋር አቀረቡልኝ። በሶው ከፌስታል ወጥቶ ሲያዩት ታሪኩን ነገርኳቸውና እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ እሳቸው ወለል ላይ ፍራሽ ዘረጉ። ብከራከር፣ ብለምን፣ አልሰሙኝም። ቀስ ብለው ፊቴን ያዩኛል፤ ያኔ ወንድሜን እየፈለጉብኝ ነው ብዬ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት የብርሃኑን ክፍል አሳዩኝ። በር የለውም። መቃኑ አለ፣ ማጠፊያዎቹም አሉ፤ የተንጠለጠለው ግን ወፍራም መጋረጃ ነው። በሩ የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁ። ወይዘሮ ፅጌ መጋረጃውን ይዘው ቆሙና «በገባ በሳምንቱ ነቅሎ ከኩሽና ጀርባ አቆመው። በር ሲዘጋ ደስ አይለውም ነበር» አሉ። ከዚያ ምስር ጥጄ መጣሁ ብለው ሄዱ።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ሃያ ስድስት የአዲስ አበባ ክረምት በመጋረጃ። ልቀመጥ ዞር ስል ሁለት ወንበሮች አየሁ፤ ተቀማጮቹ ጉልበት ለጉልበት እንዲገጥሙ ሆነው ተቀራርበው ተቀምጠዋል። ከአንደኛው ሥር ያለው ጣውላ በተረከዝ ተበልቶ ጎድጉዷል። ልቀመጥበት ስል ወይዘሮ ፅጌ ከውጭ፣ ሳያዩኝ፣ «በመስኮቱ በኩል ያለው የሱ ነው፤ በሌላው ተቀመጪ» አሉኝ። ልክ ቤት ውስጥ ላለ ሰው እንደሚባለው ነው ያሉት። በአንዱም ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ጊታሩ ግድግዳው ላይ አልነበረም፤ ባዶ ምስማር ብቻ። ወይዘሮ ፅጌ እንደነገሩኝ፣ ብርሃኑ ከሞተ በኋላ ተማሪዎቹ ጊታሩ የማን ይሁን ብለው አልተጣሉም። እንደ ጽዋ ማኅበር አድርገውታል። በየወሩ አንዱ ቤት ይቆያል፤ ባለተራው ሌሎቹን ይጠራና አብረው በልተው፣ ተጫውተው፣ ለቀጣዩ ያስረክባል። ማኅበር ያለ ቅዱስ ያየሁት እዚህ ነው። ልቆጣ አሰብኩና ወዲያው ጊታሩ የት እንዳለ የማወቅ ጉጉቴ በለጠ።

የሐምሌው ባለተራ ሙሉጌታ ይባላል፤ አትክልት ተራ አጠገብ ምድጃ ይጠግናል። ወርጄ አገኘሁት። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ጥቁር ካናቴራ የለበሰ፣ ጥርሱ ውስጥ ብሎን የያዘ ሰው ነው። የብርሃኑ እህት ነኝ ስለው «የሽቦ እህት!» ብሎ ብድግ አለ። ሽቦ የብርሃኑ የፒያሳ ስሙ ነው፤ ቅጥነቱን ነው መሰለኝ። ሙሉጌታ ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጠኝ፤ ለጾም የሚሆን ቡና በስኒ አስመጣልኝ፤ ለራሱ በብርጭቆ ሻይ። ጊታሩን ትናንት ለነሐሴዋ ባለተራ አስረክቧል። «እትዬ፣ አንድ ቀን ቢቀድሙ ኖሮ አሸክሜዎት ነበር» አለኝ። ስለ አስተማሪው ስጠይቀው ሽቦ እንደማይናገር፣ ተሳስተሃልም ጎበዝም እንደማይል ነገረኝ። ተማሪው ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፤ እሱ «እጄን እያት» ይላል፤ ሌላ ትምህርት የለም።

ከመደርደሪያ አሮጌ ጊታር አውርዶ ትንሽ ተጫወተልኝ። እኔ ግን አልሰማሁትም። ግራ እጁን እያየሁ ነበር። ሦስቱ ጣቶቹ እንደ ሸረሪት እየሮጡ የቀለበት ጣቱ መዳፉ ውስጥ ታጥፎ ተኝቷል። ሲጨርስ ጣትህን ምን ነካው አልኩት።

የቱን ብሎ እጁን ገልብጦ አየው። ቆይቶ ገባው። «የሱ በውሻ ነው፤ በልጅነቱ አሰላ ነክሶት። የእኛ በትምህርት ነው» አለና የሻይ ብርጭቆውን አነሳ። ብርጭቆውንም የያዘው በሦስት ጣት ነበር።

ወደ ላይ ስመለስ ልቤ ሁለት ቦታ ነበር። ውሻ ብሏል፤ እንግዲያው አልከሰሰኝም። በር ግን ነቅሏል፤ እንግዲያው አልረሳም። ማታ ወይዘሮ ፅጌ እግርሽን በሞቀ ውኃ ካላጠብኩሽ ብለው አስቸገሩኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እግሬን የነካ ሰው የለም፤ ስላሳፈረኝ ደክሞኛል ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ

የነሐሴዋ ባለተራ ሊዲያ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ነርስ ናት፤ አፍንጮ በር ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች። ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነው፤ እሷ ለቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ጊታር ትጫወታለች። ታክሲው አንድ ፌርማታ አሳልፎ አወረደኝና በዝናብ ወደ ኋላ ስመለስ ጫማዬ ውኃ ሞላ። እናቷ በር ላይ ተቀብላ ካልሲዬን አስወልቃ የባሏን ወፍራም ካልሲ አለበሰችኝ። ወዲያው ትኩስ ሻይ በወተት፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ቀረበ። እኔ እጄን ሳልዘረጋ ስቀር ሴትዮዋ ራሷን ያዘች፤ ፍልሰታ መሆኑን ረስታው ነው። እየተሳቀቀች ሁሉንም አነሳች፤ ጥቁር ሻይና ቆሎ ይዛ መጣች፤ ከዚያም እኔ እስክሄድ ድረስ በየሩብ ሰዓቱ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ነበር። እንዲህ በቀላሉ ይቅርታ የሚወጣው አፍ አስቀናኝ።

ጊታሩን ሊዲያ ከአልጋዋ ሥር አወጣችው። ጥቁር ቀለሙ ክንድ በሚያርፍበት ቦታ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። አንገቱ ላይ ጣቶች የበሉት ጉድጓድ ጉድጓድ አለ፤ በጣቴ ነካሁት። ሽቦው ለስላሳ ነበር፤ ዘይት ይቀቡታል መሰለኝ። ሊዲያ አምፕሊፋየር ላይ ሳትሰካው አንድ መዝሙር ተጫወተች። ዝግ ያለ፣ ልጅ የሚያስተኛ ዓይነት መዝሙር ነው። የቀለበት ጣቷ ታጥፏል።

ይህች ልጅ ብርሃኑን አይታው አታውቅም። እሱ በሞተ በዓመቱ ከሙሉጌታ ነው የተማረችው። ይህን ሳስብ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ዜማው አንድ ቦታ ሲደርስ አንገቷን ቀና አድርጋ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ ታያለች፤ የሆነ ነገር የጠበቀች ያህል ትንሽ ትቆያለች፤ ከዚያ ትቀጥላለች። ደግማ ስትጫወተው እዚያው ቦታ ቀና አለች።

«ማንን ነው የምታዪው?» አልኳት።

«የት?»

«ቀና ስትዪ።»

ጥያቄው ግራ ገባት። እዚያ ጋ ቀና ይባላል፤ ሙሌም ቀና ይላል አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ሙሉጌታ ቀና የሚለው ጉልበቱ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው ለማየት ነበር። እሷ ሰውየው ከሞተ ወዲያ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ግን አሁንም ይፈልገዋል።

የአባቴን ተማሪዎች የምታስታውሱ አትስቁብኝ። አባቴ በስተርጅና ሳል ነበረበት፤ አንዱን ዜማ ሲያዘልቅ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ጉሮሮው ይቋረጣል። ተማሪዎቹ በአክብሮት ሳሉንም አብረው ተማሩት። አባቴ ከሞተ ከዓመታት በኋላ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ደብር በበዓል ቀን ቆሜ ሳለሁ፣ የማላውቀው ወጣት መሪጌታ እዚያው ቃል ላይ ሲደርስ ሳለ። ጤነኛ ሳል፣ ለዜማው የሚሳል ሳል ነው። ያን ቀን አባቴን ያገኘሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የሊዲያን ጣት ሳይ ግን ደስታ አልመጣልኝም። በአባቴ ሳል ጥፋተኛ የሆነ ማንም አልነበረም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ እርጥብ ጃንጥላቸውን በረንዳው ላይ እያቆሙ መጡ። ምድጃ ጠጋኙ፣ ነርሷ፣ አንድ የሆቴል ጥበቃ፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች፣ አንድ የሾፌርነት አስተማሪ፣ አንድ የሠርግ ባንድ ተጫዋች። ሰላምታ ስሰጥ እያንዳንዱን ግራ እጅ አየሁ። በቁጥር የምታምን የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስምንት እጅ፣ ስምንት የታጠፈ ጣት። ወይዘሮ ፅጌ ሽምብራ አሹቅና ዳቦ አቀረቡ።

መጫወት ሲጀምሩ መብራት ጠፋ። እኔ ቀረ ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር፤ እነሱ ግን አላቆሙም። ያ የወፍጮ ቤት ሙዚቃ ያለ መብራት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጩኸቱ የለም። የሽቦ ሹክሹክታ፣ የጣት ኮቴ፣ የተጫዋቹ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ሁላችንም ለመስማት ተጠጋጋን። አንድ በአንድ በተማሪው ወንበር እየተቀመጡ ጉልበታቸውን ከባዶው ወንበር ጋር ገጥመው ያንኑ አንድ ዜማ ተጫወቱ። ብርሃኑ የሠራው ነው፤ ስም አላወጣለትም። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቀና ይላሉ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አምስተኛው ላይ እነሱ ቀና ከማለታቸው በፊት እኔ ወንበሩን እያየሁ ራሴን አገኘሁት። ወንበሩ ላይ ምንም አልነበረም። አለመኖሩን ግን ሁለት ጊዜ ማጣራት ነበረብኝ።

አሹቁ ሲዞር ጨዋታ መጣ። ሙሉጌታ ስለ ውሻው አነሳ። የሆቴሉ ጥበቃ የምን ውሻ አለ፤ ሽቦ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ከሦስት ሰው ጋር ተደባድቦ ነው፤ ራሱ ነግሮኛል። ፀጉር ሠሪዋ ጣቷን ነቀነቀች፤ የብረት አልጋ ወድቆበት ነው። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ጣቱ እንደታጠፈ ነው የተወለደው ብሎ ማለ። ለየሰዉ የተለየ ታሪክ ሰጥቶ ኖሯል። እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ፤ ሽቦ ሙድ ይዞብን ነው የሞተው አሉ። እኔ አልሳቅሁም። ለእናቴ ድንጋይ፣ ለሙሉጌታ ውሻ፣ ለሌላው አልጋ፤ ዕድሜውን ሙሉ በሩን ሲሸፍንልኝ ኖሯል። ሊዲያ ወደ እኔ ዞራ እትዬ አስቴር እውነቱን እርስዎ ያውቃሉ አለችኝ። 

ድንጋይ ነው ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እያጠናሁ ረበሸኝ፤ በሩን በእጁ ላይ ዘጋሁት። ድንጋይ ነው ብሎ ለእናታችን ዋሸልኝ። አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅሁትም።»

 የሆቴሉ ጥበቃ የራሱን ጣት በሌላ እጁ ሸፈነ። ፊታቸውን ላለማየት ወደ መጋረጃው ዞርኩ፤ ቢያባርሩኝም አልቃወምም ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ፅጌ ከጀርባዬ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ዳቦ እየቆረሱ ነበር።

«በሩን ሲነቅል ምነው ብዬ ጠየቅሁት። እህቴ ፈተና ነበረባት፣ ሦስት ጊዜ ተው ብላኝ ነበር አለኝ። ከዚያ ደግሞ ሳቀና ሒሳቡን መቶ አገኘች አለኝ። ልጆቼ በሒሳብ በወደቁ ቁጥር የእኔ እህት መቶ ነው ያገኘችው እያለ ሲያሳቅቃቸው ነው የኖረው።»

እውነት ነው፤ መቶ ነው ያገኘሁት። እኔ ግን ያን ውጤት ለማንም አሳይቼ አላውቅም፤ እሱ እንዴት እንዳየው እንጃ።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኩ።

«አትንገሪያት ብሎኛል። ራሷ ከተናገረች ግን ንገሪያት አለ።»

ሐሙስ ማታ አልጋቸውን ሲለቁልኝ፣ ዓርብ እግሬን ላጥብ ሲሉኝ ሁሉን ያውቁ ነበር። እዚያ ስምንት ሰው ፊት አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን ያላለቀስኩትን ነው ያለቀስኩት። ፀጉር ሠሪዋ መጥታ አቀፈችኝ፤ ሙሉጌታ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ ወደ መስኮቱ ሄደ።

ጊታሩን ይውሰዱት አላሉኝም፤ እኔም ጋቢውን ከሻንጣዬ አላወጣሁም። ሊዲያ ግን የነሐሴ ተራዬን ለእትዬ ሰጥቻለሁ አለች። ሙሉጌታ ዘጠነኛ አድርጎ ስሜን በተራው ዝርዝር ላይ ጻፈ። መስከረም ሲገባ መልሼ የማመጣው ሙሉጌታ ምድጃ መጠገኛ ቤት ነው፤ ይህች ክፍል ያኔ አትኖርም። ከዚያ በተማሪው ወንበር አስቀመጡኝ። ሊዲያ ጎኔ ተንበርክካ ግራ እጄን አንገቱ ላይ አስያዘችኝ፤ የቀለበት ጣቴን ይዛ ወደ መዳፌ አጠፈችው።

«የእኔ ጤነኛ ነው» አልኳት።

«የእኔም ጤነኛ ነው» አለችኝ።

ሰኞ

ወይዘሮ ፅጌ ስንቅ ብለው ዳቦ ቆሎና አንድ ጠርሙስ ሱፍ አስያዙኝ። ልጃቸው የሰጠቻቸውን የኮንዶሚኒየም ቤት አድራሻ ከስልካቸው ጋር ጽፈው ሰጡኝ፤ አዲሱ ቤታቸው ሲገቡ የመጀመሪያዋ እንግዳ እኔ ልሆን ማልኩ። ጊታሩ በጋቢዬ ተጠቅልሏል። ቃሊቲ ላይ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲል ተቆጣሁና እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ጎኔ ያለው ወጣት ቦታ እንዲበቃኝ እስከ አዳማ ድረስ ግማሽ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ። ዴራን አልፈን ብርዱ ሲጀምር ጋቢውን ከጊታሩ ላይ አላነሳሁም።

አሁን ከሰዓት ከሰዓት እለማመዳለሁ። ጎረቤቶቼ የሰማችሁት ድምፅ የእኔ ነው፤ መጥፎ መሆኑን አውቃለሁ። ከዜማው የያዝኩት እስከዚያች ቀና የሚባልባት ቦታ ድረስ ብቻ ነው። ትናንት ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ተቀምጬ በቀኝ እጄ ስጽፍ፣ ወረቀቱን የያዝኩበትን ግራ እጄን አየሁት። የቀለበት ጣቴ ታጥፏል። መቼ እንደታጠፈ አላውቅም። አላቃናሁትም።